የወለል ማቴሪያል ሲሰላ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሴራሚክ ስር የሚገባውን ሃርድኮር (የድንጋይ ንጣፍ)፣ ኮንክሪትና ሊሾ (ከኮንክሪቱ ላይ ለማስተካከያ የሚደረግ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ብዙ የቤት ባለቤት የሚገዛው ጎረቤቱ በነገረው ቁጥር ነው። በዚህም ሥራው ተጋምሶ ሲሚንቶ ያልቃል፤ ወይም የተረፈውን አሸዋ ግቢ ውስጥ ዝናብ ያጥበዋል። ሁለቱም የሚያሳዝን ኪሳራ ነው፤ ጥቂት ስህተቶችን በማረም ይቀራል።

አንዱ፣ ስፋትን ከፕላን ላይ ማንበብ ነው። ፕላኑ ላይ 4 በ5 ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከግድግዳ መሀል እስከ ግድግዳ መሀል ነው። ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ከሆነ የውስጡ ወለል 3.8 በ4.8፣ ማለትም 18.24 ካሬ ነው። ሜትር ይዞ ክፍሉ ውስጥ መለካት ይሻላል።

ከሁሉ ይበልጥ ገንዘብ የሚበላው ግን ውፍረትን በግምት መውሰድ ነው። «ሊሾው 3 ሳንቲም ነው» ይባላል፤ ከስሩ ያለው ኮንክሪት ግን አንዱ ጥግ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው። በ20 ካሬ ወለል ላይ 1 ሳንቲም ማለት 0.2 ሜትር ኪዩብ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) ነው፤ 1 ለ3፣ ማለትም አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ ሲቦካ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ወደ 2 ከረጢት ይፈልጋል። 3 የተባለው በአማካይ 5 ሆኖ ከተገኘ ለአንድ ክፍል ብቻ 4 ከረጢት ያህል ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ግልጽ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ በአራቱም ግድግዳ ላይ እኩል ከፍታ ምልክት አድርጉ፤ ሲባጎ ወጥሩና ከሲባጎው እስከ ወለሉ በየጥጉ፣ በየጎኑና መሀሉ ላይ ለኩ። ከእያንዳንዱ ልኬት ከሲባጎው እስከ ሊሾው ላይኛ ፊት የሚኖረውን ርቀት ቀንሱ። ለግዢ የሚያስፈልገው አማካዩ ነው። ትንሹ ልኬት ደግሞ ሊሾው የት ቦታ ሳስቶ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ያሳያል። የሴራሚኩንና የማጣበቂያውን ውፍረት ከበሩ ከፍታ ላይ መቀነስም አይረሳ።

ደረቅና እርጥብን አንድ አድርጎ ማስላትም አለ። አሸዋው በጠጠሩ መሀል፣ ሲሚንቶው በአሸዋው መሀል ስለሚገባ 1 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ለመሙላት 1.5 ሜትር ኪዩብ ያህል ደረቅ ማቴሪያል ይፈጃል፤ ለሞርታር 1.3 ያህል ይያዛል። 10 ሳንቲም ውፍረት ላለው 20 ካሬ ኮንክሪት፣ በ1:2:4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር)፣ ወደ 13 ከረጢት ሲሚንቶ አስቡ።

ሰለክት ማቴሪያል (ለሙሌት የተመረጠ አፈር) ሲጠቀጠቅ ይወርዳል። የምትፈልጉትን ውፍረት ብቻ ካዘዛችሁ ይጎድላል፤ እንደ አፈሩ ዓይነት ከ20 እስከ 30 በመቶ ጨምሩ።

አሸዋ በመኪና ሲገዛ የሻጩን ቃል ብቻ መያዝ አይገባም። ሳይገለበጥ የሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና የአሸዋውን ከፍታ ለኩ። እርጥበት የያዘ አሸዋ ስለሚነፋ ከደረቀ በኋላ ልኩ ያንሳል፤ ጭቃ ካለው ደግሞ ለሊሾ አይሆንም።

ሲሚንቶን ከወራት በፊት አትሰብስቡ። ሦስት ወር የቆየ ሲሚንቶ ጥንካሬው ስለሚቀንስ ሊሾው የሚሞላበት ሳምንት ሲቃረብ ግዙ፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ላይ ደርድሩት።