ሞት በደላላ፦ የከሸፈ የቅጥር ግድያ ኮሜዲ ሐዋሳ ላይ ሲቀረጽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሸሪኩን ለማስገደል ገንዘብ የከፈለ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ሥራውን የተቀበለ አፈ ቅቤ ደላላ፣ ዶሮ እንኳ አርዶ የማያውቅ ገዳይ። ታሪኩ ቡና ላይ ሲወራ ሁሉም ይስቃል፤ ተቀርጾ ሲታይ ግን ሃያኛው ደቂቃ ላይ ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፊልሙ ሰዎች ኮሜዲ ውስጥ መሆናቸውን ማወቃቸው ነው። የዚህ ዓይነት ፊልም የሚያስቀው ሰዎቹ ግድያን እንደ ቤት ኪራይ በቁም ነገር ሲዋዋሉት ነው፤ ቀብድ፣ ኮሚሽን፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ እንጨርሳለን»። ከታች ያሉት ስህተቶች ግማሾቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው፤ የቀሩት የካሜራ፣ የማድ ቤትና የፖሊስ ጣቢያ ጉዳዮች ናቸው።

ገዳዩን ቂል ማድረግ

ገዳዩ በራፉ ላይ ተደናቅፎ ይወድቃል፣ ቢላውን ገልብጦ ይይዛል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። አንዴ ያስቃል፤ ሦስተኛው ላይ ተመልካቹ «ይሄን ሰው ማነው የቀጠረው?» ብሎ ታሪኩን ማመን ያቆማል። ገዳዩ አንድ ነገር ላይ ጎበዝ ይሁን። ባጃጅ የሚጠግን፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ዕዳውን በደብተር የሚይዝ ሰው አድርጋችሁ ጻፉት። ሥራው የሚበላሽበት በባሕርዩ ይሁን። ለዚህ ደግሞ ከይሉኝታ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ሐይቅ ዳር ያለ ግቢ አስቡ። ገዳዩ በር ያንኳኳል፤ ተገዳዩ ሽማግሌ ራሱ ይከፍታል።

«ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን በር ላይ ያቆምሃል?»
«አይ አባባ፣ ለአጭር ጉዳይ ነው የመጣሁት። ቶሎ እጨርሳለሁ።»
«ቡና እየተቆላ? ቁጭ በል!»

ከዚህ በኋላ ደራሲው ምንም ቀልድ መፍጠር የለበትም፤ ሥርዓቱ ራሱ ይሠራዋል። በአቦል ላይ ገዳዩ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ያስገባል፤ ቁርስ ይቀርብለታል፤ ለመቀበል እጁን ባዶውን ያወጣል። በቶና ላይ ሽማግሌው ጄኔሬተሩ እንደማይነሳለት ያወጋዋል፤ ገዳዩ አላስችል ብሎት ሄዶ ይጠግነዋል፤ ሒሳብ ሲሉት «ኧረ አባባ፣ ነውር ነው» ይላል። በረካ ላይ ሽማግሌው ይመርቁታል፦ «ያሰብከውን ሁሉ ያሳካልህ»። ገዳዩ «አሜን» ማለት አለበት። ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆይ፤ ቢያንስ አራት ሰከንድ።

የእውነቱ ቡና ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በፊልሙ ከአራት ደቂቃ አይለፍ። ሦስቱን ዙር ለመለየት የቡናውን ቀለም መቅጠን ብቻ ማሳየት ይበቃል፤ በጽሑፍ «ሁለተኛ ዙር» ብሎ ማስነበብ አያስፈልግም። ደግሞ ገዳዩ ሽማግሌውን አንቱ ማለቱን እስከ መጨረሻው አይተው። ቢላ መዞ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወደዚህ ቢዞሩልኝ» የሚል ሰው ከማንኛውም መውደቅና መነሳት ይበልጣል። ተዋናዩ ይህን ሲል ፈገግ ካለ ያ ቴክ (የአንድ ጊዜ ቀረጻ) ይጣል።

የገንዘቡን ሒሳብ አለመያዝ

የከሸፈ ኮንትራት ታሪክ አጥንቱ ብር ነው። ማን ስንት ወሰደ፣ ስንት አስተላለፈ፣ ቀብዱ መቼ ተከፈለ፤ ይህ በስክሪፕቱ ላይ ልክ እንደ ነጋዴ መዝገብ መገጣጠም አለበት። ብዙ ስክሪፕቶች «ብዙ ብር» ብለው ያልፉታል፤ እዚያው ላይ ዋናው ቀልድ ይሞታል።

ምሳሌ እንሥራ። ነጋዴው 400,000 ብር ይከፍላል። የመጀመሪያው ደላላ 150,000 አስቀርቶ በ250,000 ለሌላ ያስተላልፋል። ሁለተኛው 130,000 ይቆርጣል፤ 120,000 ይቀራል። ሦስተኛው 80,000 ወስዶ ባጃጅ ነጂውን በ40,000 ያግባባዋል፤ ያውም ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ «ሲያልቅ»። በመጨረሻ ግድያው የሚሠራው በ20,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ነው፤ እሱም የባጃጁን ሞተር ለማሠራት ወጥቷል። እያንዳንዱ ሰው በራሱ በኩል ትክክል ነው፤ ሁሉም የደላላ ወጉን ነው የያዘው። ተመልካቹ ከጠቅላላው ሰንሰለት የሚያውቀው ከገጸ ባሕርያቱ በላይ ስለሆነ ይስቃል። ስለዚህ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር በየጊዜው ይታይ፤ መጀመሪያ በሻንጣ፣ ከዚያ በፌስታል፣ ከዚያ በፖስታ፣ መጨረሻ ላይ ተጣጥፎ በሸሚዝ ኪስ።

የተጋነነ የሚመስለው ካለ፣ ቻይና ናኒንግ ከተማ ውስጥ በእውነት ሆኗል። አንድ ነጋዴ ተቀናቃኙን ለማስገደል 2 ሚሊዮን ዩዋን ከፈለ፤ ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው ለአምስት ሰዎች እየተላለፈ መጨረሻው ሰው እጅ ሲደርስ ዋጋው 100,000 ዩዋን ሆኖ ነበር። ያ ሰው ሒሳቡ አላዋጣ ሲለው ተገዳዩን ካፌ ቀጥሮ ነገሩን ነገረውና ተገዳዩን አፉ ታስሮ፣ ተጠፍሮ የሚያሳይ ፎቶ አብረው አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስድስቱም ተፈረደባቸው። እዚህ ውስጥ አንድም ቂል ሰው የለም።

ታሪኩን በዕድል መፍታት

ገዳዩ ሊተኩስ ሲል መብራት ይጠፋል። መኪና ሲያስነሳ ዝንጀሮ ቁልፉን ይነጥቀዋል። አንድ አጋጣሚ ሰዎቹን ችግር ውስጥ ከከተተ ይፈቀድለታል፤ ከችግር ካወጣቸው ግን ማጭበርበር ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው። 90 ደቂቃ የሚሆን ስክሪፕት ወደ 90 ገጽ ይጠጋል፤ ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ ካርድ ላይ ጻፏቸውና መሬት ላይ ደርድሩ። በሁለት ካርዶች መሐል «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ማለት ካልቻላችሁና «ከዚያ ደግሞ» ብቻ ከሆነ የመጣላችሁ፣ አንደኛው ካርድ ይነሣ።

ገዳዩ የውሸት ፎቶ በቴሌግራም ላከ፤ ስለዚህ ነጋዴው ሸሪኩ ሞቷል ብሎ አመነ፤ ስለዚህ እንዳይጠረጠር ፈጥኖ ለዕድሩ ሊቀመንበር አረዳ፤ ስለዚህ ጡሩንባ ተነፋ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተጫነ። ነገር ግን ሟቹ ገበያ ደርሶ ሲመለስ መንደሩ ውስጥ ድንኳን ሲተከል ያያል፤ የጎረቤት ለቅሶ መስሎት ጃኬቱን አውልቆ ካስማ መምታት ይጀምራል። የዕድሩ ሰዎች ደግሞ አዋጁን እንጂ የሟቹን መልክ በደንብ ስለማያውቁት «ጎሽ፣ አጥብቀው» ይሉታል። ለዚህ ግን ሟቹ በዕድር ስብሰባ የማይገኝ፣ ሁልጊዜ ቅጣት የሚከፍል ሰው መሆኑ ከአርባ ደቂቃ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት። ያ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ትዕይንቱ ቧልት ይሆናል።

ተገዳይዋን ሚስት ማድረግ

ቶሎ እንለፈው። ሚስቱን ለማስገደል የሚቀጥርን ባል ተመልካቹ ከዜና ያውቀዋል፤ አዳራሹ ይበርዳል፤ ያንን ብርድ የሚያሞቅ ቀልድ የለም። ሸሪክ፣ ውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች፣ የዕቁብ ሰብሳቢ፤ እነዚህ ይሻላሉ።

ገዳዩንም በአነጋገር ዘዬው መሳቂያ ማድረግ ከዚህ ይመደባል። ሐዋሳ ሲዳምኛው፣ ወላይትኛው፣ አማርኛው በአንድ ባጃጅ ውስጥ የሚሰማባት ከተማ ናት። የፊልሙ ሞኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ዘዬ ካለው ደራሲው ሰነፍ ነው።

ሐይቁን ፖስትካርድ ማድረግ

ድሮን ይነሣል፣ ታቦር ተራራ ይታያል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ሙዚቃ። ሐይቁ ግን ታሪኩ ውስጥ ሥራ አለው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዓሣ አጥማጆቹ ማምሻውን መረብ ዘርግተው ንጋት ላይ ይስባሉ። እንግዲህ ማስረጃ ለመደበቅ ከዚህ የከፋ ቦታ አይገኝም፤ ማታ የተጣለ ቢላ፣ ጫማ፣ ከረጢት፣ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ከቆሮሶ ዓሣው ጋር ሕዝብ ፊት ይዘረገፋል። የአገሩ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ደላላ ግን አያውቅም። ቀልዱ እዚያ ነው።

አባ ኮዳ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚሠራ ተዋናይ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ራሱ የተመለጠ፣ እንደ ቀባሪ የሚቆም ወፍ ከሁለት ተደራዳሪዎች ጀርባ ቢታይ ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም። ወደ ፍሬሙ ለማምጣት አራት አምስት ኪሎ የዓሣ ሆድቃ ከአጥማጆቹ ግዙና ከተዋናዮቹ ጀርባ በትኑ፤ ካሜራው አምስት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ፌስታሉን አንሡ፣ ወፎቹ ይውጡታል። ወፉን ለብቻው በቅርብ ሾት አታሳዩት፤ ምሳሌ መሆኑ ከታወቀ ያበቃለታል። ዓሣው ገበያ ላይ ሥራው ማለዳ ስለሆነ መሣሪያ ተገጥሞ፣ ድምፅ ተሞክሮ ከንጋቱ 12 ሰዓት ዝግጁ ሁኑ። ረፋድ ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቶ የሰዉ ዓይን ጉድጓድ ይመስላል።

ሬሳ ባጃጅ ውስጥ ያለ ልምምድ

በወረቀት ላይ «ሬሳውን ባጃጅ ላይ ይጭኑታል» ማለት አንድ መስመር ነው። የባጃጅ የኋላ ወንበር ሦስት ተሳፋሪ ጎን ለጎን የሚይዝ ነው፤ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው ተጋድሞ አይገባም። እግሩ ይወጣል፣ ወይም ተቀምጦ ይሄዳል። ሁለቱም ያስቃሉ፤ ግን አንዱን ከቀረጻው በፊት በቴፕ ሜትር ለክታችሁ ምረጡ።

በድልህ ደም መሥራት

የቲማቲም ድልህ ካሜራ ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፤ በርበሬ ዓይን ያቃጥላል፤ ቀይ ቀለም ቆዳ ያበላሻል። ለአንድ ሊትር ያህል ደም አንድ ኪሎ ስኳር በግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ቀይ የምግብ ቀለም፣ በጥቂት ሙቅ ውሃ የተበጠበጠ አንድ ማንኪያ ካካዎ፣ ሁለት ጠብታ ሰማያዊ ጨምሩ። ካካዎው ነው ብርሃን እንዳያሳልፍ የሚያደርገው። ልብስ ላይ ለሚፈሰው አንድ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ሲታጠብ በቀላሉ ይለቃል፤ አፍ ውስጥ የሚገባው ግን ሳሙና የሌለበት ለብቻው ይሁንና ጠርሙሱ ላይ ይጻፍበት። ስኳር ስለሆነ ሐዋሳ ላይ ዝንብና ጉንዳን ወዲያው ይሰበሰባል፤ በየቴኩ መሐል ይሸፈን። ሸሚዙ ሦስት አንድ ዓይነት ይገዛ።

ታሪኩ ውስጥ የውሸት ፎቶ ካለ ግን እዚያ ላይ ድልሁን ተጠቀሙ። የፊልሙ «እውነተኛ» ደም ራሱ ድልህ ከመሰለ ተመልካቹ የገዳዩን ውሸት ከየት ለይቶ ያውቀዋል?

ሹክሹክታን ለነፋስ መስጠት

የሴራ ፊልም ግማሹ ንግግር በሹክሹክታ ነው፤ ሐይቁ ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ የጀልባ ሞተር አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ድምፅ ማጉያ አለ። የካሜራውን ማይክ ድምፅና ምስልን ለማመሳሰያ ብቻ ያዙት። ላቫሊየሩን (ትንሹን የልብስ ማይክ) ልብስ ውስጥ በቴፕ አጣብቁ፣ ቡሙን (በረጅም ዘንግ የሚያዘውን ማይክ) ፀጉራም የነፋስ መከላከያ አልብሱ፣ በ48 ኪሎኸርዝ 24 ቢት ቅረጹ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ ባዶ ድምፅ ይቀረጽ፤ ኤዲተሩ ንግግር ሲቆርጥ ቀዳዳውን የሚደፍነው በሱ ነው። ቤት ውስጥ በሸምበቆ አምፖል ስትቀርጹ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር (የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት) 1/50 ይሁን፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ ውጪ ምስሉ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ኤዲቲንግ ላይ የሚታየው ትልቁ በሽታ ደግሞ በየቀልዱ ጀርባ የሚገባው «ቦይንግ» የሚል የማሳቂያ ድምፅ ነው። ሳቅ የሚያዝ ሙዚቃ ሁሉ ይውጣ። ሁለት ሰው ስለ ሞት ሲደራደር በሰፊ ሾት ሁለቱም ይታዩ፤ በየዓረፍተ ነገሩ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው መቁረጥ ዝምታውን ይገድለዋል።

ሽጉጥ ይዞ ያለ ደብዳቤ መውጣት

ከከተማው የባህልና ቱሪዝም ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አውጡ፤ ግልባጩን ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱንና የሐሰት መሣሪያውን ብዛት ጽፋችሁ በእጅ አስገቡ፣ ማኅተም ይመታበት። የሐሰት ሽጉጥ ከሳጥኑ የሚወጣው ካሜራ ሲዞር ብቻ ነው፤ የሚይዘውም አንድ ኃላፊ ይሁን። ባዶ ጥይት እንኳ በቅርብ ርቀት ሊገድል ይችላል፤ ተኩሱን በኤዲቲንግ ድምፅ ጨምሩበት። የሚቻል ከሆነ ጭራሽ ሽጉጡን ከስክሪፕቱ አውጡት፤ 20,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሰው ሽጉጥ ከየት ያመጣል?

ሕጉን ሳያነቡ መጨረሻውን መጻፍ

ፖሊስ ገብቶ ሁሉንም አስሮ ማብቃት የተለመደ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ለደራሲ ከዚህ የተሻለ ነገር ይሰጣል። አንቀጽ 27 ሙከራን፣ አንቀጽ 28 በራስ ፈቃድ መተውን፣ አንቀጽ 36 ማነሳሳትን ይመለከታሉ። በአንቀጽ 36 አነሳሹ የሚጠየቀው ወንጀሉ ቢያንስ ከተሞከረ ነው። ስለዚህ የነጋዴው ዕጣ ያ ባጃጅ ነጂ በረካ ላይ ምን ያህል ርቀት ሄደ በሚለው ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ቢላው ወጣ ወይስ ጃኬቱ ውስጥ ቀረ? ይህን ስክሪፕቱ ላይ በግልጽ ወስኑና ጠበቃ ያንብበው። ከዚያ ክርክሩ ሲሰማ ሽማግሌው ምስክር ሆነው ይቅረቡ፤ ዳኛው «ተከሳሹ እርስዎ ቤት ምን አደረገ?» ሲሏቸው፦

«ጄኔሬተሬን ጠገነልኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለኝ።»