ቀላል ግጭት ደርሶባችኋል? ኢንሹራንስ ከመጠየቃችሁ በፊት እንዲህ አስሉ

ጅማ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ከቀላል ግጭት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በገበያ ቀን መርካቶ አካባቢ ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ አይሱዙውና እግረኛው በአንድ ጠባብ መንገድ ይተላለፋሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ አስፋልቱ ጭቃ ይለብሳል፤ ፍሬን የያዘ ሁሉ በጊዜ አይቆምም። ፓራውልት ይሰነጠቃል፣ ስፖኪዮ ይሰበራል፣ በር ይጫራል። ሰው ካልተጎዳ ተመስገን ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ኢንሹራንስ ልጠይቅ ወይስ ከኪሴ ላሠራው?

ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው በስሜት ነው። አንዱ “ይህን ሁሉ ዓመት የከፈልኩት ለምን ሆነና!” ብሎ ለተጫረ በር ፋይል ያስከፍታል። ሌላው “የእነሱን ምልልስ ማን ይችለዋል” ብሎ ትልቅ ጉዳት ከኪሱ ይሸፍናል። ሁለቱም ገንዘብ ያጣሉ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ለኢንሹራንሱ አደጋውን ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማሳወቅ ሁልጊዜ ነው፤ መጠየቅ ሲያዋጣ ነው።

1. ሰው ከተጎዳ ሒሳብ የለም

ትንሽም ብትሆን ጉዳት ካለ፣ “ደህና ነኝ” ብሎ የተነሳ ሰው እንኳ ቢኖር፣ የሚወሰን ነገር የለም። ወደ ሕክምና ውሰዱት፣ ፖሊስ ጥሩ፣ ለኢንሹራንሳችሁ አሳውቁ። የጭንቅላት ወይም የሆድ ውስጥ ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። መንገድ ላይ ጥቂት ብር ሰጥቶ መለያየት ለተጎጂውም ለእናንተም አደገኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነውም ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ብረትና ፕላስቲክ ብቻ ለተጎዳበት ግጭት ነው።

2. ቦታው ላይ ሰላም አውርዱ፣ የገንዘቡን ነገር ግን አትዝጉ

ግጭት ሲፈጠር ወዲያው ሰው ይከባል። ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ሰው ወጣ ይሉና “በሉ ልጆቼ፣ ተጨባበጡ፣ በሰላም ጨርሱት” ይላሉ። ይህ ውብ ልማድ ነው፤ ብዙ ጠብ አብርዷል። ተጨባበጡ። ገንዘቡን ግን “በቃ ተስማምተናል፣ አንጠያየቅም” ብላችሁ እዚያው አትጨርሱት። ፓራውልቱ ስር ምን እንደተሰበረ በዚያች ደቂቃ ማንም አያውቅም። ደግሞም አብዛኛው የኢንሹራንስ ውል ሳታስፈቅዱ ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁ እንዳታምኑ፣ እንዳትደራደሩና ለመክፈል ቃል እንዳትገቡ ይከለክላል።

መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ፎቶ አንሱ። ከቅርብ የጉዳቱን፣ ከሩቅ ደግሞ መንገዱንና የሁለቱንም መኪኖች አቀማመጥ። የሌላኛውን ታርጋ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ስልክና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን መዝግቡ። የምስክር ስልክ ከተገኘ ጥሩ ነው። በጥፋቱ ካልተስማማችሁ ወይም ጉዳቱ ጠንከር ያለ ከመሰለ ትራፊክ ፖሊስ ጠርታችሁ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ይነሳ። መንገድ ተዘጋ ብሎ የሚጮህ ይኖራል፤ ግን ፕላን ሳይነሳ የተንቀሳቀሰ መኪና በኋላ ብዙ ያከራክራል።

3. የማን ኢንሹራንስ ነው የሚከፍለው?

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የራሳቸውን ኢንሹራንስ ለመንካት ወይም ላለመንካት ሲጨነቁ፣ የሌላኛው ሰው ኢንሹራንስ መኖሩን ይረሱታል።

ባጃጅ ከኋላ መጥቶ ገጫችሁ እንበል። ሹፌሩ ለባለቤቱ የቀን ገቢ የሚያስገባ ወጣት ነው። ያለችው የዕለቱ ብር ናት። ከእሱ ኪስ የሚገኝ ነገር የለም፤ ቢገኝም የልጁን ሳምንት ያበላሻል። ባጃጁ ግን በሕግ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ይህ ኢንሹራንስ በንብረት ላይ የደረሰን ጉዳትም እስከተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል። ጥፋቱ የሱ መሆኑ በፖሊስ ሪፖርት ከተረጋገጠ ካሳችሁን ከባጃጁ ኢንሹራንስ ትጠይቃላችሁ። በዓመታዊ የኢንሹራንስ ክፍያችሁ ላይ ያላችሁ ቅናሽ አይነካም፣ ልጁም አይጎዳም። ምልልሱ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ቢሆንም መጀመሪያ መታየት ያለበት መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካልተለየስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። ጠቅላላ ወጪውን ባለቤቶቹ ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት የአንዱ ሹፌር ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ፎቶውና ፕላኑ ተራ ወረቀት አይደሉም። ማስረጃ የሌለው ሰው ምንም ሳያጠፋ ግማሹን ሊከፍል ይችላል።

የእናንተ ኢንሹራንስ የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ደግሞ ለራሳችሁ መኪና የሚከፍለው ነገር የለም። ቀጣዩ ሒሳብ ኮምፕሪሄንሲቭ፣ ማለትም የራስን መኪና ጉዳትም የሚሸፍነው ኢንሹራንስ፣ ላላቸው ነው።

4. በ5 ቀን ውስጥ አሳውቁ

የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል አደጋ መድረሱን ካወቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ እንድታሳውቁ ያዛል። ካሳ ባትፈልጉም አሳውቁ። ዛሬ “ምንም አይደለም” ያለው ባለመኪና ከወር በኋላ ጠበቃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ኢንሹራንሱ “በወቅቱ አልተነገረኝም” የሚል መከራከሪያ እንዳያገኝ ነው።

ጅማ ከተማ ውስጥ ቅርንጫፍ ካለው በአካል ሄዳችሁ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ሙሉ። በአሁኑ ሰዓት ካሳ እየጠየቃችሁ ካልሆነ “ለማሳወቅ ብቻ” ብላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፣ የተቀበሉበትንም ኮፒ ውሰዱ። መኪናውን በባንክ ብድር ከገዛችሁት ለባንኩም ማሳወቅ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ የብድር ውሉን እዩት።

5. እውነተኛውን የጥገና ዋጋ እወቁ

በዓይን ታይቶ የሚነገር ዋጋ አይታመንም። ጋራዥ ውሰዱና ፓራውልቱ ተነቅሎ ይታይ። ከስሩ የመብራት መያዣው፣ የራዲያተሩ መደገፊያ ወይም የፓራፋንጎው ማሰሪያ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ላሜራው፣ ቀለሙና ዕቃው ለየብቻ ይጻፍ።

ጅማ ላይ ዋጋውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ዕቃው ነው። ለቪትዝና ለኮሮላ እዚሁ ማግኘት ይቻላል። መኪናችሁ እምብዛም የማይታይ ዓይነት ከሆነ ግን ዕቃው ከአዲስ አበባ፣ ምናልባትም ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚመጣው። የትራንስፖርቱንና መኪናው የሚቆምበትን ቀን አስቡ። በመኪናው የምትሠሩ ከሆነ የቆመበት ቀን ራሱ ወጪ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካሳ ልትጠይቁ የምትችሉ ከሆነ የኢንሹራንሱ ሰርቬየር (ጉዳት ገምጋሚ) ሳያይ አታሠሩ። ተሠርቶ ያለቀ ጉዳት ማስረጃ የለውም።

6. አሁን አስሉ

ሁለት ቁጥሮች ከውላችሁ ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ኤክሰስ ነው፤ በእያንዳንዱ አደጋ እናንተ የምትሸፍኑት ድርሻ። ሁለተኛው ኖ ክሌም የሚባለው፣ ካሳ ሳትጠይቁ ለቆያችሁበት ዓመት ከአረቦናችሁ (በየዓመቱ ለኢንሹራንሱ ከምትከፍሉት) ላይ የሚቀነሰው ነው። አንድ ጊዜ ካሳ ስትወስዱ ይህ ቅናሽ ይጠፋል ወይም ይቀንሳል። ብዙ ሰው ኤክሰሱን ያስታውሳል፣ ኖ ክሌሙን ይረሳል። ትልቁ ገንዘብ ግን እዚያ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የእናንተን ከውላችሁ ተኩባቸው። ያለ ቅናሽ አረቦናችሁ በዓመት 40,000 ብር ነው እንበል። አሁን 20 በመቶ ቅናሽ አላችሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት 30 በመቶ ይሆናል፣ እዚያው ላይም ይቆማል። ኤክሰሱ 5,000 ብር ነው።

ካሳ ካልጠየቃችሁ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ 28,000 ብር ትከፍላላችሁ። ከጠየቃችሁ ቅናሹ ከዜሮ ይጀምራል። የመጀመሪያው ዓመት 40,000፣ ሁለተኛው በ10 በመቶ ቅናሽ 36,000፣ ሦስተኛው በ20 በመቶ ቅናሽ 32,000 ይሆናል። ልዩነቱ 12,000፣ 8,000 እና 4,000 ነው። ሲደመር 24,000 ብር።

ጥገናው 18,000 ብር ከሆነ ኢንሹራንሱ ኤክሰሱን ቀንሶ 13,000 ይሰጣችኋል። 13,000 ለመቀበል 24,000 ታጣላችሁ ማለት ነው። ይህንን ከኪስ አሠሩት። ጥገናው 60,000 ከሆነ ግን 55,000 ታገኛላችሁ፤ ያለማመንታት ጠይቁ። በዚህ ምሳሌ መለያው 29,000 ብር ነው፣ የጠፋው ቅናሽና ኤክሰሱ ሲደመሩ። ለመለያው ቀረብ ያለ ከሆነ እኔ አለመጠየቅን እመርጣለሁ። በዚያው ዓመት ሌላ ከባድ አደጋ ቢደርስ መዝገባችሁ ንጹህ ሆኖ መቆየቱ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ እጃችሁ ላይ ገንዘብ ካለ ነው። ዛሬ 18,000 ብር ከየትም የማይመጣ ከሆነና መኪናው እንጀራችሁ ከሆነ ጠይቁ። የነገ ቅናሽ የዛሬን ቤት አያኖርም።

7. መኪናው ከዋጋው በታች ኢንሹራንስ ገብቶ ከሆነ

የመኪና ዋጋ በየጊዜው ሲወጣ ብዙ ሰው ውሉን በድሮው ግምት ያድሳል። አረቦኑ ዝቅ ስለሚል ደስ ይላል። አደጋ ሲደርስ ግን ካሳው በዚያው መጠን ይቀነሳል። መኪናው አሁን 1,500,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ውሉ ላይ 900,000 ተብሎ ከሆነ የሸፈናችሁት 60 በመቶውን ነው። ስለዚህ ከላይ ያየነው የ60,000 ብር ጥገና 36,000 ሆኖ ይሰላል፤ ኤክሰሱ ሲቀነስ 31,000 ይቀራል። ቅድም ያለማመንታት የጠየቅነው አሁን ከ24,000ው ጋር ተቀራረበ። መለያውም ከ29,000 ወደ 48,000 ገደማ ወጣ።

ይህን ሲያዩ የሚደነግጡ አሉ። አደጋ ካልደረሰባችሁ ዛሬውኑ ውሉን አውጥታችሁ ግምቱን እዩት፤ ለማስተካከል ዕድሳት መጠበቅ የለባችሁም።

አጠቃቀሙንም አብራችሁ ተመልከቱ። ውሉ ላይ “የግል” ተብሎ በቡና ወቅት በክፍያ ጭነት ወይም ሰው የሚያመላልስ መኪና አደጋ ቢያደርስ ካሳው ሊከለከል ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ሒሳቡን ከመሥራታችሁ በፊት ይህን አጥሩ።

8. ከወሰናችሁ በኋላ

ላለመጠየቅ ከወሰናችሁና ሌላኛው ሰው የሚከፍላችሁ ከሆነ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ቀኑ፣ ታርጋዎቹ፣ የተከፈለው ብር፣ የሁለታችሁ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑርበት። ሸምጋዮቹ ራሳቸው ቢፈርሙ ጥሩ ነው። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢተላለፍ ማስረጃው አብሮ ይቀመጣል። ይህን ከመፈረማችሁ በፊት ግን ደረጃ 5 አልቆ፣ የጉዳቱ ሙሉ ዋጋ ታውቆ ይሁን። ከራሳችሁ ኢንሹራንስም ካሳ ልትወስዱ ካሰባችሁ ለሌላኛው “አልጠይቅህም” ብላችሁ አትፈርሙ። ኢንሹራንሱ ከከፈላችሁ በኋላ በእናንተ ቦታ ተተክቶ ከጥፋተኛው የማስመለስ መብት አለው፤ ያን መብት ያጠፋችሁበት እንደሆነ እናንተን ይጠይቃል።

ለመጠየቅ ከወሰናችሁ የሊብሬውን፣ የመንጃ ፈቃዱንና የውሉን ኮፒ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ ፎቶዎቹንና ፕሮፎርማዎቹን በአንድ ፋይል አስገቡ። የሚተኩትን አሮጌ ዕቃዎች አትጣሉ፤ ኢንሹራንሱ ሊረከባቸው ይችላል። ጥፋቱ የሌላ ሰው ከሆነና ኢንሹራንሳችሁ ገንዘቡን ካስመለሰ ኖ ክሌማችሁ ይመለስ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ካሳው ቢከለከል ወይም ከጠበቃችሁት በታች ቢሆን ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ የንግድ ሕጉ ለኢንሹራንስ ክስ የሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ በደብዳቤና በቀጠሮ እንዳያልፍባችሁ ቀኑን መዝግባችሁ ያዙ።