ብሉ ባጅና የመኪና ታክስ፦ እንግሊዝ አገር ያለን ሐበሾች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እንግሊዝ አገር አካል ጉዳተኛ የሆነ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሊያገኛቸው የሚችል ሁለት ትልልቅ መብቶች አሉ። አንዱ ከመኪና ታክስ ነፃ መሆን ነው። ሌላው ብሉ ባጅ የሚባለው የፓርኪንግ ፈቃድ ነው። ሁለቱም ልመና አይደሉም፣ በሕግ የተቀመጡ ናቸው። ግን በእኛ ሰው ዘንድ ስለነሱ የሚወራው አብዛኛው ሰው ከሰው የሰማው ነው፤ በዚህ የተነሳ የሚገባቸው ሳይጠይቁ ይቀራሉ፣ ያገኙት ደግሞ ባላወቁት ደንብ ይቀጣሉ። ሁለቱም ያሳዝናል። እስቲ ዋና ዋናዎቹን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ታክሱና ባጁ አንድ ላይ ይመጣሉ ብሎ ማሰብ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስተው ይሄ ነው። ታክሱ በስዋንዚ ያለው የዲቪኤልኤ (የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ጉዳይ ነው። ባጁን የሚሰጠው ግን የምትኖሩበት ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ነው። አንዱን አገኘሁ ማለት ሌላው በራሱ ይመጣል ማለት አይደለም።

ለብዙ ሰው የሁለቱም መነሻ ፒፕ የሚባለው፣ በግምገማ ነጥብ የሚሰጠው የመንግሥት የአካል ጉዳት ድጎማ ነው። ፒፕ የዕለት ኑሮና ሞቢሊቲ (መንቀሳቀስ) የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እዚህ የሚያገባን ሞቢሊቲው ብቻ ነው። በሞቢሊቲ 12 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ኢንሃንስድ ይባላል፣ የመኪና ታክስ ጨርሶ አይከፍልም። ከ8 እስከ 11 ያገኘው ስታንዳርድ ይባላል፣ ግማሹን ይከፍላል። ባጁ ግን ከድምሩ ይልቅ ነጥቡ የመጣው ከየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ነው የሚያየው። በእግር ስለመንቀሳቀስ በሚጠይቀው ክፍል 8 ወይም ከዚያ በላይ ካላችሁ ባጁን ያለ ተጨማሪ ግምገማ ታገኛላችሁ። ስለ ጉዞ ማቀድ በሚጠይቀው ክፍል ግን በቀጥታ የሚያስገባው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ከባድ ጭንቀት ስለሚይዘው ምንም ዓይነት ጉዞ ማድረግ አይችልም የሚለው፣ 10 ነጥብ ያለው። በዚያው ጥያቄ 12 ያገኘ ሰው ታክሱ ሙሉ በሙሉ ይቀርለታል፣ ለባጁ ግን ካውንስሉ ራሱ ይገመግመዋል። እንግዳ ነገር ይመስላል፣ ግን ሕጉ እንደዚህ ነው። ስለዚህ የፒፕ ደብዳቤያችሁን ስታነቡ የገንዘቡን መጠን ብቻ አይታችሁ አትጣሉት፤ ነጥቦቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ ፈልጉ።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት

ይሄኛው የባህላችን ጉዳይ ስለሆነ በደንብ ልናገረው። የፒፕ ገምጋሚው ስልክ ይደውልና «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ይላል። እናት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። «እስከ ሱቅ በእግርዎ ይሄዳሉ?» «አዎ፣ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ።» አለቀ። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ደህና መሆናቸውና ሱቅ መሄዳቸው ነው። መንገድ ላይ አጥር ተደግፈው ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ፣ ሲመለሱ ሌሊቱን በጉልበት ሕመም እንደማይተኙ፣ በማግስቱ ከአልጋ መነሳት እንደሚያቅታቸው አልተናገሩም። ጠያቂው አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም ማማረር ነውር መሰላቸው።

ማማረር አይደለም። የፒፕ ደንብ አንድ ሰው «ይችላል» የሚባለው አራት ነገር ሲሟላ ነው ይላል፦ አደጋ ላይ ሳይወድቅ፣ በአግባቡ፣ ባስፈለገው ቁጥር ደጋግሞ፣ እና ጤነኛ ሰው ከሚወስድበት እጥፍ ጊዜ ሳይበልጥ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አይችልም ነው የሚባለው። ስለዚህ «እሄዳለሁ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ስንት ሜትር ሄዳችሁ እንደምትቆሙ፣ ስንት ደቂቃ እንደምታርፉ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚከተል ንገሩ። ከ20 ሜትር በላይ መሄድ አለመቻልና 50 ሜትር ላይ መቆም የነጥብ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነም ብዙዎቹ ቀኖች ምን እንደሚመስሉ ተናገሩ፣ የተሻላችሁ ቀን ላይ ብቻ አትመልሱ።

አስተርጓሚ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። የራስን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ አልመክርም፤ እናት ወይም አባት በልጃቸው ፊት መታጠብና ሽንት ቤት መሄድ እንደሚቸግራቸው አይናገሩም።

«አቴንዳንስ አላወንስ ስላለኝ ታክስ አልከፍልም»

አይደለም። የጡረታ ዕድሜ ካለፈ በኋላ የታመመ ሰው አዲስ ፒፕ መጠየቅ አይችልም፤ የሚሰጠው አቴንዳንስ አላወንስ ነው፣ እሱ ደግሞ የሞቢሊቲ ክፍል የለውም። ስለዚህ የመኪና ታክስ አያስቀርም። ከጡረታ በፊት ፒፕ የነበረው ሰው ግን መብቱን ይዞ ሊቀጥል ይችላል።

ብሉ ባጁ ግን ለእነዚህ አዛውንቶች ዝግ አይደለም። መራመድ በጣም የሚቸግራቸው ከሆነ ካውንስሉን መጠየቅና መገምገም ይችላሉ። ብዙ አባቶችና እናቶች ታክሱን ሲከለከሉ ባጁንም የተከለከሉ መስሏቸው ይተዉታል፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመድረስ ሩቅ ከቆመ መኪና እያነከሱ ይሄዳሉ። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ማመልከቻውን ቁጭ ብላችሁ ሙሉላቸው።

በዓይን የማይታይ ጉዳት ያላቸውም እንዲሁ። በእንግሊዝ ከኦገስት 30 ቀን 2019 ጀምሮ ኦቲዝም፣ የመርሳት ችግር ወይም ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ያለበት ሰው ለባጁ ማመልከት ይችላል። ዊልቸር ግዴታ አይደለም።

ዜሮ ስለሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም ማለት

ታክሱ ዜሮ ፓውንድ ቢሆንም መኪናው በየዓመቱ ታክስ መደረግ አለበት። ካላደረጋችሁት ታክስ እንደሌለው መኪና ይቆጠራል፣ ቅጣትም ይመጣል። ነፃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠይቁ ፖስታ ቤት በአካል መሄድ አለባችሁ፤ ሎግ ቡኩን (የመኪናውን የምዝገባ ሰነድ)፣ የፒፕ ማረጋገጫ ደብዳቤውን፣ ካስፈለገም ኤምኦቲውን (የዓመታዊ ምርመራ ወረቀቱን) ይዛችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ኦንላይን ማደስ ይቻላል። መኪና ስትቀይሩ ግን እንደገና ከፖስታ ቤት ነው የሚጀመረው። ግማሹን የሚከፍሉት ደግሞ ሰነዶቻቸውን በፖስታ ለዲቪኤልኤ ነው የሚልኩት። በሞታቢሊቲ፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኞች መኪና በሚያከራየው ድርጅት በኩል መኪና የወሰደ ሰው በዚህ ሁሉ መድከም የለበትም፣ ታክሱን ድርጅቱ ራሱ ይጨርሰዋል።

መኪናውን የቤተሰቡ ሁሉ ማድረግ

ነፃው የሚሰራው ለአንድ መኪና ብቻ ነው። መኪናው በአካል ጉዳተኛው ወይም እሱን በሚነዳለት ሰው ስም መመዝገብ አለበት፣ የሚያገለግለውም ለአካል ጉዳተኛው ጉዳይ ነው። ለአባት መድኃኒት ማምጣት፣ ለሳቸው ዕቃ መግዛት፣ ሐኪም ቤት ማድረስ ችግር የለውም። ልጅየው በዚያው መኪና በየቀኑ ሥራው ቢመላለስ ወይም ዴሊቨሪ ቢሠራበት ግን ሕግ መጣስ ነው። ያ መኪና ለሁሉም የሚፈለግ ከሆነ ታክሱን ከፍሎ መንዳት ይሻላል።

ባጁን ማዋስ

ባጁ የሰው ነው እንጂ የመኪና አይደለም። ይሄ ጥቅም አለው፤ በጎረቤት መኪናም፣ በታክሲም ስትሄዱ ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ። ግን ባለቤቱ በጉዞው ውስጥ ከሌለ ማንም ሊጠቀምበት አይችልም። «ለሠርጉ ብቻ ነው፣ ቶሎ እመልሳለሁ» የሚል ዘመድ ሲመጣ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፣ የካውንስል ተቆጣጣሪዎች ባጁን እዚያው ሊወስዱት ይችላሉ፣ እንግዲህ ያለ ባጅ የሚቀሩት መራመድ የማይችሉት ሰው ናቸው። ባለቤቱ ሲያርፉም ባጁ ለካውንስሉ ይመለሳል፤ ለማስታወሻ ብሎ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም።

ባጅ ካለ የትም መቆም ይቻላል ማለት

አይቻልም። በእንግሊዝና በዌልስ በነጠላም በድርብም ቢጫ መስመር ላይ ቢበዛ ለ3 ሰዓት ያህል መቆም ትችላላችሁ፣ ግን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ጭነት ማውረድ የሚከለክሉ አጫጭር ቢጫ ጭረቶች ካሉ አይሆንም። የአውቶቡስ መስመር፣ የብስክሌት መስመር፣ ትምህርት ቤት ደጃፍና የእግረኛ ማቋረጫ አካባቢ ያለው ዚግዛግ መስመር ሁሉ ክልክል ነው። ከባጁ ጋር የምትሰጠውን ሰማያዊ የካርቶን ሰዓት የደረሳችሁበት ጊዜ ላይ አዙራችሁ ከባጁ ጎን አስቀምጡ። ባጁ ፎቶው ወደ ታች፣ የዊልቸር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ከመስታወቱ ውጪ መነበብ አለበት። ተገልብጦ ስለተቀመጠ ብቻ ቲኬት የሚለጠፍበት አለ።

ለንደን መሃል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲቲ ኦፍ ለንደን፣ ዌስትሚንስተር፣ ኬንዚንግተንና ቼልሲ፣ እንዲሁም የካምደን ደቡባዊ ክፍል የብሉ ባጁን ደንብ ሙሉ በሙሉ አይቀበሉም፤ ለነዋሪዎቻቸው የራሳቸው ባጅ አላቸው። እዚያ ቢጫ መስመር ላይ ከመቆማችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ። የሱፐርማርኬትና የግል ፓርኪንጎችም ደንባቸው የራሳቸው ነው፤ ባጅ ይዞም መክፈል የሚያስፈልግበት ቦታ አለ።

ኮንጀስሽን ቻርጅና ዩሌዝን ማምታታት

ብሉ ባጅ ያለው ሰው ከኮንጀስሽን ቻርጅ (ለንደን መሃል ለመግባት ከሚከፈለው) ነፃ መሆን ይችላል፣ ግን አስቀድሞ ቲኤፍኤል (የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ጋር መመዝገብ አለበት፤ እስከ ሁለት መኪና ማስመዝገብ ይቻላል። ባጁን መስታወት ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ካሜራውን አያቆመውም። ዩሌዝ (ለንደን ውስጥ ጭሳቸው አየር የሚበክል አሮጌ መኪኖች የሚከፍሉት) ላይ ግን ባጁ ምንም አይሰራም። እዚያ የሚታየው የመኪናው የታክስ ክፍል ነው፤ በአካል ጉዳተኛ ታክስ የተመዘገበ አሮጌ መኪና እስከ ኦክቶበር 24 ቀን 2027 ድረስ አይከፍልም። ታክሱን በጊዜ ማስተካከል ለዚህም ይጠቅማል።

ለደላላ መክፈልና ቀኑን ማሳለፍ

ባጁ በእንግሊዝ ከ10 ፓውንድ አይበልጥም፣ በዌልስ ነፃ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ከመንግሥት አይደለም፣ ዝጉት። ባጁ ቢበዛ ለ3 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ መልሱም እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ጊዜው ከማለቁ ከሦስት ወር በላይ ሲቀረው ማመልከቻውን አስገቡ።

እምቢ ከተባላችሁ ካውንስሉ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲነግራችሁና እንደገና እንዲያየው ጠይቁ። የተከለከላችሁት ፒፕ ከሆነ ውሳኔው ከተጻፈበት ቀን አንስቶ አንድ ወር አላችሁ፣ መጀመሪያ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን (ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ)፣ ከዚያ ትሪቡናል (የይግባኝ ፍርድ ቤት)። ደብዳቤውን እንዳያችሁ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።