ከደሴ ተነሥቶ ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚያስፈልግ ዝግጅት

የራስ ደጀን ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 4,550 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የሚኖር የደሴ ሰው እንኳ ደጋውን ለምጃለሁ ብሎ መዘናጋት የለበትም፤ ከደሴ ዝቅ ካለችው ከኮምቦልቻ የሚነሣው ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

ልምምዱ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ቢጀመር ይመረጣል። በመጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እያወሩ ለመጓዝ በሚያስችል ፍጥነት አንድ ሰዓት ያህል መሄድ ይበቃል፤ ቀጥሎም በሳምንቱ መጨረሻ ከደሴ አጠገብ ያለውን የጦሳ ተራራ እየወጡ፣ የጀርባ ሸክሙን በጉዞው ዕለት እስከሚያዘው ክብደት ቀስ በቀስ ማድረስ ያስፈልጋል። ጫማውም በዚሁ ጊዜ ከእግር ጋር ይላመዳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ቁልቁለቱን ነው። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ ክብደት ተሸክሞ ስለሚለጠጥ በማግስቱ የሚሰማው ሕመም ከዳገቱ ይልቅ ከዚህ ይመጣል፤ ስለዚህ ከጦሳ በእግር መውረድ የልምምዱ ዋና ክፍል ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ለዚህ የሚያመች ቢመስልም የጭነት መኪና ስለሚበዛበት አልመክረውም።

የሰውነት ብርታት ግን ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጠንካራው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ለአደጋው ሊጋለጥ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም ከፍታ ሳይጨምሩ ማደር ይገባል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ መውጣቱን ማቆም፣ አረማመድ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሳይዘገዩ መውረድ ግዴታ ነው።