የብስክሌት ፍሬን አልይዝ ሲል

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስዛወር ብስክሌቴንም ይዤ መጣሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ለዓመታት ስነዳት የፍሬኗን ድካም የሚያጋልጥ ዳገትና ቁልቁለት አልገጠመኝም። በሐምሌ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ግን ሁለቱንም እጀታዎች እስከ መጨረሻው ጨምቄ ብስክሌቷ መውረዷን ቀጠለች። በጫማዬ አስፋልቱን እየፋቅሁ፣ መንገድ ዳር የተከመረ አፈር ላይ ወጥቼ ነው የቆምኩት። በማግስቱ አንድ ጎሚስታ የፍሬን ጎማዎቹን፣ ቸርኬውን የሚጨብጡትን፣ ቀየረልኝ። በሚቀጥለው ዝናብ ያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ተነሣሁ። የእጃችን ጉልበት ከእጀታው ተነሥቶ በገመዱ፣ በፍሬኑ ክንዶች፣ በፍሬን ጎማውና በቸርኬው አልፎ ነው መንገዱ ላይ የሚደርሰው። ፍሬን ደከመ ማለት ጉልበቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ባክኖ ቀርቷል ማለት ነው። የት እንደባከነ ሳያውቁ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ያስወጣል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ሳይድን የዳነ ማስመሰሉ ነው። እዚህ የማነሣው ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ስለሚጨብጠው ፍሬን ነው፤ የዲስክ ፍሬን ጠባዩ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ይፈትሹ

ከብስክሌቷ አጠገብ ቆመው የፊት ፍሬኑን ይጭመቁና ወደፊት ይግፏት። ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ የፊት ጎማው አይዞርም፤ የኋላው ከመሬት ይነሣል። የኋላውን ፍሬን ጨምቀው ሲገፉ ደግሞ የኋላው ጎማ ሳይዞር መሬት ለመሬት መንሸራተት አለበት። በሙሉ ኃይል ሲጨምቁ በእጀታውና በመሪው መካከል ቢያንስ የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ሊቀር ይገባል።

እጀታው መሪውን እስኪነካ ይገባል

ሌላ ሰው እጀታውን ይጭመቅልዎ፤ እርስዎ ፍሬኑን ይመልከቱ። የፍሬን ጎማዎቹ ቸርኬውን ሳይነኩ እጀታው መሪው ጋ ከደረሰ ገመዱ ላልቷል ወይም የፍሬን ጎማው ተበልቷል። ገመዱን የሚወጥረውን፣ በእጅ የሚዞረውን ማስተካከያ ወደ ውጭ ያዙሩ፤ ካልበቃ ገመዱን የያዘውን ብሎን ፈትተው፣ ገመዱን በፒንሳ ስበው መልሰው ያጥብቁ። በፍሬን ጎማው ፊት ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ጊዜው አልፏልና ይቀየር።

የፍሬን ጎማዎቹ ቸርኬውን ነክተው እጀታው አሁንም የሚገባ ከሆነ ግን የፍሬን ጎማ መቀየር አይረዳም። ጉልበቱ የገመዱን ሽፋን በመጨማደድ እያለቀ ነው። የሽፋኑን ጫፎች ይዩ፤ ተጣምሞ ወይም ተሰንጥቆ ከተቆረጠ በእያንዳንዱ ጭመቃ እንደ ሞላ ያጥራል። ጫፉን ቀጥ አድርገው ቆርጠው በሞረድ ያስተካክሉት፤ በሚገባበት ቦታም የብረት ቆቡን ያድርጉለት። ከተቻለ ገመዱንም ሽፋኑንም አንድ ላይ መቀየር ይሻላል፤ ከፍሬን ጥገና ሁሉ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። የማርሽ ገመድ ሽፋን ለፍሬን አይሆንም። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ብረት ነው፤ የማርሹ ግን ወደ ርዝመቱ የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ በፍሬን ጉልበት ሊፈነዳ ይችላል። የሚፈነዳውም ሳብ ሲያደርጉት ሳይሆን በጣም ሲያስፈልግዎ፣ በሙሉ ኃይል ሲጨምቁ ነው። ቁራጩን ከጫፉ በኩል ቢያዩት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

እጀታው ጠንካራ ነው፤ ብስክሌቷ ግን አትቆምም

በመጀመሪያ ዘይትን ይጠርጥሩ። ሰንሰለት ሲቀባ የሚረጨው ዘይት የኋላውን ቸርኬ ያገኘዋል። ቸርኬውን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በውሃ አጥበው ካደረቁ በኋላ በአልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። ነጭ ጋዝ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል። የፍሬን ጎማው ፊት እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ወይም በዕድሜ ብዛት ጥፍር የማይገባበት ያህል ከደረቀ ይጣል።

ቀጥሎ ገመዱን ከክንዱ ፈትተው በሽፋኑ ውስጥ በእጅዎ ይሳቡት። እየተያዘ ከተንቀሳቀሰ ዝገት ወይም ጭቃ ይዞታል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የእጀታና የፍሬን አለመጣጣም ነው። በሁለቱ ጎኖች ረጃጅም ክንዶች የቆሙለት ፍሬን ብዙ ገመድ የሚስብ እጀታ ይፈልጋል፤ ከላይ በአንድ ብሎን ታስሮ እንደ መቀስ የሚገጥመው ደግሞ ትንሽ ገመድ የሚስብ። ለመቀሱ የባለ ረጃጅም ክንዱን ፍሬን እጀታ ሲገጥሙ እጀታው ድርቅ ይላል፤ ፍሬኑ ግን ጉልበት አያገኝም። ግጥሚያው ሲገለበጥ እጀታው ለስልሶ መሪው ድረስ ይገባል። ከተለያየ ብስክሌት በተለቀመ ዕቃ የተጠገነች ብስክሌት ላይ ይህን መመርመር ግድ ነው፤ መፍትሄውም ተስማሚውን እጀታ መግጠም ብቻ ነው።

በደረቅ ይይዛል፤ በዝናብ ይከዳል

የእኔ ብስክሌት በሽታ ይህ ነበር። ማግኔት ወደ ቸርኬው ያስጠጉ። ከያዘው ቸርኬው ብረት ነው። በክሮም የተለበጠ የብረት ቸርኬ ሲርስ የተለመደው የፍሬን ጎማ በላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ምንም ያህል ቢጨምቁ ብስክሌቷን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት በብዙ እጥፍ ይረዝማል። አሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብ እጅግ ይሻላል። ስለዚህ እኔ በመጨረሻ የፊቱን ቸርኬ በአሉሚኒየም አስቀየርኩ፤ ሁለቱን ለማስቀየር አቅም ለሌለው ሰው ከፊቱ እንዲጀምር እመክራለሁ። ለብረት ቸርኬ ፊታቸው በቆዳ የተሸፈነ የፍሬን ጎማዎችም አሉ። ለአሉሚኒየም ደግሞ ኩል ስቶፕ የተባለው አምራች የሚሠራው ቀይ ብርቱካናማ ቀለም ያለው የፍሬን ጎማ በእርጥብ ጥሩ ይይዛል። ምንም ቢገጠም፣ በዝናብ ከመቆሚያዎ ብዙ ቀደም ብለው ፍሬኑን በስሱ ያስነኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ውሃውን ከቸርኬው ለመጥረግ ያልቃሉ።

የአሉሚኒየም ቸርኬ የራሱ ጣጣ አለው። ጭቃና አሸዋ የፍሬን ጎማው ውስጥ ተቀብሮ ቸርኬውን ይበላዋል። ጠጠሩን በመርፌ ጫፍ እየነቀሉ ያውጡ። የቸርኬው ጎን ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ካዩት ስስ ሆኗል፤ በአየሩ ግፊት ሊፈነዳ ስለሚችል ይቀየር።

ይጮኻል

የፍሬን ጎማውን የፊት ጫፍ ከኋላው በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አድርገው ያጥብቁት። በዚሁ አጋጣሚ የፍሬን ጎማው ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ማረፉን ይዩ፤ ከፍ ካለ የውጩን ጎማ ይቆርጣል፤ ዝቅ ካለ ተንሸራቶ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች ይገባል። መያዣው አንድ ጫፉ ክፍት ከሆነ የተዘጋው ጫፍ ወደፊት ይሁን። ተገልብጦ ከተገጠመ የፍሬን ጎማው በጭመቃ ጊዜ ወጥቶ ይወድቃል።

በረጅም ቁልቁለት ይግላል

ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ ሲወርዱ ፍሬኑን ሳይለቁ ይዘው መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል። ጠንከር አድርገው ፍጥነቱን ይስበሩ፣ ይልቀቁ፣ ደግሞ ይያዙ።

የፊት ፍሬኑን ፈትቶ መንዳት

ይገለብጠኛል በሚል ፍርሃት የፊት ፍሬናቸውን አላልተው የሚነዱ ወጣቶችን አያለሁ፤ ሳያቸውም እደነግጣለሁ። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀላል፤ ስለዚህ ቶሎ ይንሸራተታል። በኋላ ፍሬን ብቻ የሚያቆም ሰው ብስክሌቷ ካላት አቅም አብዛኛውን ትቷል። መገልበጥን የሚከላከለው ፍሬን መፍታት ሳይሆን ክንድን አጽንቶ፣ ወገብን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጭመቃውን ቀስ በቀስ ማሳደግ ነው። የኋላው ጎማ መንሸራተት ሲጀምር የፊቱን ላላ ያድርጉ። ባዶ ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ቢለማመዱት እጅዎ ይይዘዋል።

የትኛውንም ጥገና ከጨረሱ በኋላ፣ ብስክሌቷ ላይ ሳይወጡ፣ ሁለቱንም እጀታዎች በሙሉ ኃይል አሥር አሥር ጊዜ ይጭመቁ። የሚንሸራተት ገመድ ካለ እርስዎ መሬት ላይ ቆመው ሳሉ ይንሸራተት።