ከሐር ኮኩን የፋይብሮይን ፈሳሽ ማውጣት፣ በባሕር ዳር ከፍታ

ፋይብሮይን የሐር ክር ዋና ፕሮቲን ነው፤ ኮኩን ደግሞ ትሉ ከክሩ የሚሠራው ሽፋን ነው። በመጀመሪያ ኮኩኑን ለዩ። በጉሎ ቅጠል የሚያድገው የኤሪ ሐር በሊቲየም ብሮማይድ (ሐሩን በሚያሟሟው ጨው) በቀላሉ አይሟሟም፤ የሚያስፈልገው የእንጆሪ (መልበሪ) ዛፍ ቅጠል የሚበላው ትል ኮኩን ነው።

ትሉን አውጥታችሁ 5 ግራም ኮኩን በሳንቲም መጠን ቆራርጡ። 2 ሊትር የተጣራ ውሃ አፍሉና 4.24 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት ጨምሩ፤ ኮኩኑን ከትታችሁ ለ30 ደቂቃ እያማሰላችሁ ቀቅሉ። እዚህ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በቆላ የተጻፈ ሰዓት እንዳለ አይሠራም። ሚዛንን እመኑ። ሦስት ጊዜ አጥባችሁ ሌሊቱን ስታደርቁት ከ3.5 እስከ 3.75 ግራም መቅረት አለበት። ከዚያ ከበለጠ ሙጫው (ሴሪሲን) አልወጣም ማለት ነው፤ ከልክ በላይ ከተቀቀለ ደግሞ ፕሮቲኑ ይበጣጠስና በኋላ ከፈሳሹ የሚሠራው ፊልም (ስስ ሽፋን) ይሰባበራል።

ለ1 ግራም ደረቅ ሐር 4 ሚሊ ሊትር የ9.3 ሞላር ሊቲየም ብሮማይድ አፍስሱበት፤ በ60 ዲግሪ 4 ሰዓት ይቆይ። የማር መልክ ይዞ ጥርት ይላል። ከዚያ በ3.5 ኪሎ ዳልተን የዳያሊሲስ ከረጢት (ጨውን አሳልፎ ፕሮቲኑን በሚያስቀር) አድርጋችሁ፣ ውሃውን 6 ጊዜ እየቀየራችሁ በተጣራ ውሃ ውስጥ 48 ሰዓት አቆዩት። የቧንቧም የጣናም ውሃ አይሆንም፤ ካልሲየሙ ያረጋዋል። አትናጡት፤ እንደ እርጎ ይረጋል።

1 ሚሊ ሊትር አድርቃችሁ መዝኑ፦ 0.07 ግራም ከሆነ 7 በመቶ ገደማ ነው። ከፈሳሹ የሠራችሁትን ፊልም በሜታኖል ካጠነከራችሁ በኋላ በ37 ዲግሪ የጨው ቡፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ የጨው ውሃ) ውስጥ አንድ ቀን ዘፍዝፉት፤ ከሟሟ አልጠነከረም። በሴል ሙከራ ከ70 በመቶ በታች ሴሎች ከተረፉ መርዛማ ነው፤ አስቀድማችሁ የሜታኖል ትራፊን ጠርጥሩ።