በብል ቲ፦ ዋናው ነገር ኳሶቹ ናቸው

በብል ቲ ቀምሳችሁ የማታውቁ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሻይ፣ ወተት፣ ስኳር፣ በረዶ፣ ከስር ደግሞ የሚታኘኩ ጥቋቁር ኳሶች። የተጀመረው ታይዋን ውስጥ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የታይቹንግና የታይናን ሁለት ሻይ ቤቶች "እኔ ነኝ የፈጠርኩት" ተባብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል።

ኳሶቹ ታፒዮካ ናቸው፣ ከካሳቫ ሥር የሚወጣ ስታርች ማለት ነው። ብቻቸውን ይህ ነው የሚባል ጣዕም የላቸውም። የሚወደደው አስተኛኘካቸው ነው፤ ለስለስ ብሎ ግን ጥርስን መለስ ሲያደርግ ታይዋኖች "ኪውኪው" ይሉታል። እሱ ከጠፋ ሻይው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ዋጋ የለውም።

ለ1 ኩባያ ደረቅ ኳስ 8 ኩባያ ውሃ ጣዱ። ሳይንተከተክ እንዳትጨምሩ፣ ይሟሙና ሙጫ ይሆናሉ። ከስር እንዳይዙ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ፣ ሲንሳፈፉ እሳቱን ቀንሱና ወደ 25 ደቂቃ አብስሏቸው፣ ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ እንደተከደኑ ሌላ 25 ደቂቃ ተዉአቸው (በ5 ደቂቃ የሚበስሉም ስላሉ ማሸጊያውን አንብቡ)። አንዷን ለሁለት ቁረጧት። መሃሏ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ገና ናት። ከበሰሉ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና ለብ ባለ የቡናማ ስኳር ሽሮፕ ውስጥ ዘፍዝፏቸው። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፣ ይደርቃሉ! በ4 ሰዓት ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱ።

ሻይው ወፍራም ይሁን፣ ወተትና በረዶ ያቀጥኑታልና። ለ1 ኩባያ 2 ከረጢት ጥቁር ሻይ፣ 5 ደቂቃ። ከቀዘቀዘ በኋላ ከወተትና ከበረዶ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አረፋ እስኪያወጣ በደንብ ናጡት። "በብል" (በእንግሊዝኛ አረፋ ማለት ነው) የሚለው ስም የመጣው ከዚህ አረፋ ነው ይባላል፣ ብዙ ሰው ግን ከኳሶቹ ይመስለዋል።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ለጀማሪ የምመክረው የቡናማ ስኳሩን ነው፤ ሽሮፑን የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ስትቀቡትና ቀዝቃዛ ወተት ስትጨምሩበት እንደ ነብር ቆዳ ይዥጎረጎራል፣ ብዙ ጊዜም ሻይ የለውም። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ታሮ (ጎደሬ)፣ አረንጓዴው ማቻ (የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ)፣ ብርቱካንማው የታይላንድ ሻይ አሉ። የፍራፍሬ ከፈለጋችሁ አረንጓዴ ሻይ ተጠቀሙ፣ አፍ ውስጥ ፈንድተው ጭማቂ የሚረጩትን ኳሶች ጨምሩበት፣ ወተት ግን ተዉት፤ ሎሚና ፓሽን ፍሩት ይበጣጥሱታል። ክሬም ቺዝ፣ ክሬምና ቁንጥር ጨው ተመትቶ ከላይ የሚደፋበትም አለ፣ እሱን ያለ ስትሮ ጠጡት።

ለሌላው ኳስ የሚያሳልፍ ሰፊ ስትሮ ያስፈልጋል። ለትንንሽ ልጆች ግን አትስጡ፣ ኳሱ ጉሮሯቸው ላይ ሊሰነቀር ይችላል።